ረትቶ የተሰደደው አናጢ

ጊታር ስሰማ አንድ የቆየ ንትርክ ትዝ ይለኛል። በሳክሶኒ፣ በማርክኖይኪርሸን ከተማ፣ የቫዮሊን ሠሪዎች ማኅበር «አናጢ ጊታር አይሥራብን» ብሎ አቤት አለ። ነገሩ የጥበብ ይምሰል እንጂ የእንጀራ ነበር። አናጢዎቹ ረቱ። ከእነሱ ወገን የነበረው ክርስቲያን ፍሬድሪክ ማርቲን ግን እ.ኤ.አ. በ1833 ጓዙን ጠቅልሎ ኒውዮርክ ገባ። ኋላም ናዝሬት ሰፈረ፤ የእኛዋ አይደለችም፣ የፔንሲልቬንያዋ ናት።

ከ1840ዎቹ ጀምሮ ከጊታሩ የፊት ጣውላ በስተውስጥ ሁለት ቀጫጭን እንጨቶችን አጣምሮ ይለጥፍ ጀመር። ያኔ ክሩ የአንጀት ነበር። እሱ በ1873 ሞተ። በ20ኛው መቶ ዘመን የብረት ክር ሲስፋፋ፣ ያንን ሁሉ ውጥረት የቻለው ይኸው ጥምር ድጋፍ ነው።

እንግዲህ ሰው ረትቶም ይሰደዳል። ባለሙያን ከአገር የሚያስወጣው የዳኛ ፍርድ ብቻ አይደለም፤ የሙያ ባልንጀራ ምቀኝነትም ነው።