ባሕር የበላው ጠረጴዛ

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ የሚኖሩ ወገኖቻችን ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣባቸው ወደ ስሚዝሶኒያን ቤተ መዘክሮች ይዘውት መሄዳቸው የተለመደ ነው፤ መግቢያው በነፃ ነውና። በዚያው በአሜሪካ ታሪክ ቤተ መዘክር ከሚጠበቁት ቅርሶች አንዷ ትንሽ ባለመሳቢያ የመጻፊያ ጠረጴዛ ነች። ጠረጴዛ ትባል እንጂ እግር የላትም፤ ጉልበት ላይ ወይም በሌላ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ የምታገለግል ሣጥን ነች። ቶማስ ጄፈርሰን በ1776 (ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካንን የነፃነት አዋጅ የጻፈው በእርሷ ላይ ነው። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ይህች ጠረጴዛ ከጄፈርሰን እጅ የወጣችው ባሕር ለበላው ሌላ ጠረጴዛ ምትክ ሆና መሆኑን ነው። ያ የጠፋው ጠረጴዛ ደግሞ የአንድ ባሪያ የእጅ ሥራ ነበር።

መጀመሪያ ስለተረፈችው እንናገር። ጄፈርሰን በ1776 ለጉባኤ ፊላደልፊያ ሲገባ ያረፈው ቤንጃሚን ራንዶልፍ በተባለ የታወቀ የቤት ዕቃ ሠሪ ቤት ነበር። ንድፉን ራሱ ጄፈርሰን ነድፎ ሰጠው፤ ራንዶልፍ ከማሆጋኒ እንጨት ሠራለት። ስትዘጋ ርዝመቷ 36 ሳንቲ ሜትር ተኩል፣ ወርዷ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ክዳኗ ሲዘረጋ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ የመጻፊያ ሰሌዳ ይሆናል፤ በጎኗ ወረቀት፣ ብዕርና የቀለም ብልቃጥ የሚቀመጥበት መሳቢያ አላት። ጌጥ አልበዛባትም። ጄፈርሰን ራሱ ስለ ውበቷ የተለየ ነገር እንደሌላት፣ ነገር ግን ቀላል፣ ንጹሕና አመቺ እንደሆነች ጽፏል።

ጠረጴዛ የሠራ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከሥራው ሁሉ አስቸጋሪው መሳቢያው ነው። እግሩ ትንሽ ቢያጥር ስባሪ እንጨት ከሥሩ ሸጉጦ ማለፍ ይቻላል። መሳቢያ ግን ይቅርታ አያውቅም። ከጠበበ፣ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ሲያብጥ ተቀርቅሮ አልወጣም ይላል። ከሰፋ ደግሞ ሲስቡት እየተወላገደ በአንድ ጎኑ ይነክሳል። አራቱ ጎኖች በምስማር ብቻ ቢያያዙ ከዓመታት መሳብና መግፋት በኋላ ይላቀቃሉ። ስለዚህ የዘመኑ ባለሙያዎች የጣውላውን ጫፍ የርግብ ጅራት በሚመስል ጥርስ እየቀረጹ እርስ በርሱ ያቆላልፉት ነበር። የታችኛው ጣውላ በጎኖቹ ውስጥ በተቦረቦረ ቦይ ይገባል እንጂ በሙጫ አይጣበቅም፤ ሲያብጥና ሲኮማተር መላወሻ እንዲያገኝ ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው በእጅ መጋዝ፣ በመላጊያና በመሮ ነበር።

ይህን ሙያ በቨርጂኒያ ተራራ ላይ አንድ ባሪያ አሳምሮ ያውቀው ነበር። ጆን ሄሚንግስ ይባላል። የተወለደው፣ አጋጣሚው ራሱ የሚገርም ነው፣ ያ የነፃነት አዋጅ በተጻፈበት በ1776 ነው። ቦታው ሻርለትስቪል አጠገብ የሚገኘው ሞንቲቼሎ የተባለው የጄፈርሰን ርስት ነው። እናቱ ኤልዛቤት ሄሚንግስ የጄፈርሰን ባሪያ ነበረች፤ አባቱ ጆሴፍ ኒልሰን የተባለ በዚያው ይሠራ የነበረ ነጭ አናጢ ነው። በሕጉ ልጅ የእናቱን ዕጣ ይከተላልና ጆን ከአባቱ ነፃነትን አልወረሰም።

በልጅነቱ ዛፍ በመቁረጥ፣ ግንድ በመጥረብና አጥር በማጠር ጀመረ። ከዚያ በ1798 ወደ ሞንቲቼሎ በመጣው በጄምስ ዲንስሞር፣ በአየርላንዳዊው አናጢ ሥር ጥሩውን ሙያ ተማረ። ዲንስሞር በ1809 ሲሄድ በግቢው ውስጥ የነበረው የእንጨት ሥራ ቤት ኃላፊ ሆነ። በር፣ መስኮት፣ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ቁም ሣጥን፣ አንድ ጊዜም የጄፈርሰን ሠረገላ የእንጨት ክፍል ከእጁ ወጥቷል። ማንበብና መጻፍ ያውቅ ነበር፤ ፖፕላር ፎረስት ከተባለው ከሌላው የጄፈርሰን ርስት የሥራውን ሁኔታ በደብዳቤ ያስታውቅ ነበር። ለዚህ ሁሉ ደመወዝ አልነበረውም። ከ1811 ጀምሮ በዓመት 15 ዶላር፣ በኋላም 20 ዶላር የሚሆን ጉርሻ ይሰጠው ነበር። አሥራ አምስቱ ዶላር ለአንድ ነፃ ሠራተኛ የአንድ ወር ደመወዝ ያህል ነው።

ለእኛ ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም። በአገራችንም ባለእጁ ሠርቶ ያመጣውን እየተጠቀሙ ባለእጁን መናቅ ነበር፤ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1908) የእጅ ሙያተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። ልዩነቱ ግን አይረሳ፤ ሄሚንግስ የተናቀ ባለሙያ ብቻ አልነበረም፣ ሙያው ሳይቀር የሌላ ሰው ሀብት ነበር።

የጄፈርሰን የልጅ ልጆች እሱን «አባባ»፣ የሞግዚታቸውን የሚስቱን የፕሪሲላን ስም ደግሞ «እማማ» እንደማለት ባለ ቁልምጫ ይጠሯቸው ነበር። ከእነዚህ ልጆች አንዷ ኤለን ናት። በ1825 ጆሴፍ ኩሊጅ የተባለ የቦስተን ሰው አግብታ ወደ ሰሜን ስትሄድ፣ ሄሚንግስ ብዙ የደከመበት ውብ የመጻፊያ ጠረጴዛ ሠርቶላት ነበር። ጠረጴዛው ከሌላው ጓዟ ጋር በመርከብ ተጫነ። መርከቧ ባሕር ላይ ጠፋች፤ ዕቃው በሙሉ አብሯት ቀረ።

ወሬው ሞንቲቼሎ ሲደርስ የሆነውን ጄፈርሰን በኅዳር 1825 ለኤለን በጻፈው ደብዳቤ ነግሯታል። ሄሚንግስ ተስፋ የቆረጠ ሰው ሆነ፤ ሌላው የጠፋው ንብረት ሁሉ በዓይኑ ከምንም አልተቆጠረም፣ ለእሱ የጠፋው ያ ጠረጴዛ ብቻ ነበር። ጄፈርሰን ሐዘኑን የሮማው ባለቅኔ ቨርጂል ታላቁ ድርሰቱ በእሳት ቢጋይበት ሊሰማው ከሚችለው ጋር አመሳስሎታል። ደብዳቤው ጥቂት ቀልድ ቢጤ አለበት። ቢሆንም ባሪያ አሳዳሪው ሳያስበው አንድ እውነት አምልጦታል፤ ባሪያ ብሎ የያዘውን ሰው ከደራሲ ጋር ሲያነጻጽር ሥራው የራሱ መሆኑን መመስከሩ ነበር። በሕግ ፊት ጠረጴዛው የሄሚንግስ አልነበረም። ሐዘኑ ግን የባለቤት ሐዘን ነው።

ሌላ ሠርተህ ልትተካው አትችልም ወይ ብሎ ጄፈርሰን ጠየቀው። አልችልም አለ። ዓይኑ ደክሟል፤ እንዴት አድርጎ እንደሠራውም አጥርቶ አያስታውስም። ወደ ሃምሳ ዓመት እየተጠጋ ነበርና የእንጨት ሥራ ዓይን እንዴት እንደሚጨርስ የሚያውቁ ሰዎች መልሱን አያምኑትም አይባልም።

ጄፈርሰንም በምትኩ ያችን የፊላደልፊያዋን ሣጥን ለኤለን ባል ላከለት። በመጻፊያ ሰሌዳዋ ሥርም በእጁ ማስታወሻ ጻፈባት፤ ፖለቲካም እንደ ሃይማኖት አጉል እምነት አያጣውምና፣ ይህች ዕቃ ከአዋጁ መወለድ ጋር ባላት ግንኙነት አንድ ቀን ትከበር ይሆናል የሚል ነው። እንዳለውም ሆነ። የኩሊጅ ቤተሰብ በ1880 ለአሜሪካ መንግሥት አበረከታት፤ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከቆየች በኋላ ወደ ስሚዝሶኒያን ተዛወረች።

ጄፈርሰን ሐምሌ 4 ቀን 1826 ሲሞት የሬሳ ሣጥኑን የሠራው ሄሚንግስ ነው። ኑዛዜው አምስት ባሮችን ነፃ አወጣ፤ ሄሚንግስ አንዱ ነበር፣ ያውም ጄፈርሰን ከሞተ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ። የሥራ ቤቱ መሣሪያዎች በሙሉ እንዲሰጡትም ታዘዘ። የእህቱ የሳሊ ልጆች ማዲሰንና ኤስተን ሙያውን ከእሱ የተማሩ ናቸው፤ አባታቸው ራሱ ጄፈርሰን መሆኑን ማዲሰን በ1873 አስጽፏል፣ የ1998 የዘር ምርመራም ይህንኑ ደግፏል። ሚስቱ ፕሪሲላ ግን የጄፈርሰን ልጅ ቤተሰብ ንብረት ስለነበረች ኑዛዜው አልነካትም። በጥር 1827 ደግሞ የጄፈርሰን ዕዳ እንዲከፈል የርስቱ ባሮች 130 ያህል ሆነው ለጨረታ ቀረቡ፤ ሄሚንግስ አብሯቸው ያደገ፣ በርና መስኮት አብሯቸው የገጠመ ሰዎች ሲሸጡ እሱ ገና ነፃ መውጫ ቀኑን እየጠበቀ ነበር።

ሄሚንግስ በ1833 ሞተ። የሥራ ቤቱ ጭስ ማውጫ እስከ ዛሬ በሞንቲቼሎ ቆሟል፤ ከዋሽንግተን በመኪና ከሁለት ሰዓት ጥቂት ቢበልጥ ነው።