በጦርነት ጊዜ የብሪታንያ ሴት ወታደራዊ አሽከርካሪዎች

ሴት ወታደራዊ አሽከርካሪዎች በጦርነት ወቅት አምቡላንስ፣ የጭነት መኪና፣ የአዛዦች መኪናና የመልእክት ሞተር ብስክሌት እንዲያሽከረክሩ በጦር ኃይል ወይም ከጦር ኃይል ጋር በሚሠሩ ጓዶች የተመደቡ ሴቶች ናቸው። በብሪታንያ ይህ አገልግሎት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተጀምሮ በሁለተኛው ተስፋፍቷል።

ቀዳሚ የሆነው «ፋኒ» በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው የሴቶች የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ጓድ ነው። ጓዱ እ.ኤ.አ. በ1907 ሲመሠረት የታሰበው አባላቱ በፈረስ ተቀምጠው ቁስለኞች ዘንድ እንዲደርሱ ነበር። ጦርነቱ በ1914 ሲፈነዳ የብሪታንያ ጦር አገልግሎታቸውን ባለመቀበሉ ባሕር ተሻግረው በፈረንሳይዋ የካሌ ከተማ የቤልጂየም ወታደሮችን ማከም ጀመሩ። ለብሪታንያ ጦር በይፋ ማሽከርከር የጀመሩት ጃንዋሪ 1 ቀን 1916 ሲሆን፣ ሥራውንም የተረከቡት ከወንድ አሽከርካሪዎች ነው።

ሥራው መሪ ከመያዝ እጅግ የሰፋ ነበር። ሞተሩ የሚነሣው በእጅ በሚዞር ማኖቬላ ነው። በክረምት የራዲያተሩ ውኃ እንዳይረጋ አሽከርካሪዎቹ በየተራ ሌሊት እየተነሡ ሞተሮቹን ያሞቁ ነበር። ጎማ መቀየር፣ ካንዴላ ማጽዳትና ቁስለኛ ሲወርድ በደምና በጭቃ የተበከለውን አምቡላንስ ማጠብም የእነርሱው ኃላፊነት ነበር። በቦምብ ድብደባ ሥር ስላሳዩት ጀግንነት ከአባላቱ መካከል በርካቶች ወታደራዊ ሜዳሊያ ተሸልመዋል።

በሴፕቴምበር 1938 የሴቶች የምድር ጦር ረዳት አገልግሎት ሲቋቋም የፋኒ የአሽከርካሪ ክፍሎች ወደዚሁ ተካተቱ። አባላቱ በ1941 ሙሉ ወታደራዊ ሕጋዊ ደረጃ አገኙ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር በወጣው ሕግም ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 30 ዓመት የሆኑ ያላገቡ ሴቶች ለብሔራዊ አገልግሎት እንዲጠሩ ተወሰነ። ደመወዛቸው ግን በተመሳሳይ ማዕረግ ካለ ወንድ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነበር። አሽከርካሪዋ የምትይዘው መኪና ያው፣ የምትሄድበት መንገድም ያው ነበር። የወራሪ ኃይል መመሪያ እንዳይሆኑ በ1940 የመንገድ ምልክቶች ተነሥተዋል፤ የመኪና መብራትም ከአየር እንዳይታይ ተሸፍኖ በጠባብ ቀዳዳ ብቻ እንዲበራ ታዝዞ ነበር። በሌሊት በማታውቀው አገር ጭነት የምታደርስ አሽከርካሪ መንገዱን አስቀድማ በቃሏ መያዝ ነበረባት።

በ1945 መጀመሪያ የ18 ዓመቷ ልዕልት ኤልሳቤጥ፣ በኋላ ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት፣ በዚሁ አገልግሎት ተመዝግባ በማሽከርከርና በሞተር ጥገና ሠልጥናለች። ሞተር ስትጠግን የተነሣቻቸው ፎቶግራፎች ዛሬም ይታወቃሉ፤ ስማቸው ያልተነገረው የሌሊት አሽከርካሪዎች ግን እምብዛም ሥዕል የላቸውም።

አገልግሎቱ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1949 በሴቶች ንጉሣዊ የምድር ጦር ጓድ ተተካ።

የእናታቸውን ወይም የአያታቸውን የአገልግሎት ማስረጃ የሚሹ ቤተሰቦች በቅድሚያ ሊያውቁት የሚገባው፣ መዝገቡ የተያዘው በአብዛኛው ከጋብቻ በፊት በነበረው የቤተሰብ ስም መሆኑን ነው። በመሆኑም አመልካቾች ይህን ስም፣ የትውልድ ቀንና ከተገኘም የአገልግሎት ቁጥር ይዘው እንዲቀርቡ ይመከራል። የብሪታንያ መከላከያ ሚኒስቴር የቆዩ የአገልግሎት መዝገቦችን ከ2022 ጀምሮ ወደ አገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት በማዛወር ላይ በመሆኑ፣ ማመልከቻ ከማስገባት በፊት መዝገቡ ከሁለቱ በየትኛው እንደሚገኝ ማጣራት ያስፈልጋል።