የማን ፊት ነው መለኪያው?

ፍንጭት በእኛ አገር ያስመሰግናል እንጂ አያሳፍርም። ሌላ ቦታ ግን ያው ፍንጭት በሽቦ የሚዘጋ «ችግር» ሊባል ይችላል። ታዲያ የጥርስና የመንጋጋ «ትክክል» የሚለካው በማን ነው? ጥያቄው የቡና ላይ ወግ ቢመስልም፣ የጥርስ ማስተካከያ ሕክምናን ታሪክ ስናገላብጥ ያገኘነው እዚያው ራጅ ክፍል ውስጥ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ቪልሄልም ሮንትገን ኖቬምበር 8 ቀን 1895 በጀርመን ቩርዝቡርግ ከተማ በዓይን የማይታየውን ጨረር አገኘ። ወሬው በተሰማ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በጃንዋሪ 1896፣ ኦቶ ቫልክሆፍ የተባለ የጥርስ ሐኪም የገዛ ጥርሱን ራጅ አነሳ። ለዚያች አንዲት ምስል 25 ደቂቃ ጨረሩ ፊት መቆየት ነበረበት። ዛሬ ለዚሁ ሥራ አንድ ሴኮንድ እንኳ አይሞላም።

የተጣመመ ጥርስ ለሚያቃኑት ሐኪሞች ግን የአንድ ጥርስ ምስል ብዙም አይበቃቸውም ነበር። እነሱ ማወቅ የሚፈልጉት የላይኛውና የታችኛው መንጋጋ እንዴት እንደተቀመጡና ልጁ ሲያድግ ወዴት እንደሚሄዱ ነው። እስከዚያ ድረስ የነበራቸው መሣሪያ ዓይናቸውና ከታካሚው አፍ የሚወስዱት የጀሶ ቅርጽ ነው። የጭንቅላት ራጅ ማንሳት ቢቻልም፣ ጭንቅላት ትንሽ ዘንበል ባለ ቁጥር ምስሉ ስለሚለወጥ የዘንድሮውን ከከርሞው ጋር ማስተያየት አይቻልም።

መላው የተገኘው በ1931 ነው። ሆሊ ብሮድቤንት በአሜሪካ ክሊቭላንድ፣ ሆፍራት ደግሞ በጀርመን፣ በየፊናቸው ጭንቅላትን አንድ ቦታ ላይ የሚያጸና ዘዴ አወጡ። ብሮድቤንት አስቀድሞ ለደረቅ የራስ ቅል የሚያገለግል መያዣ ነበረው፤ እሱን ለሕያው ሰው አስተካከለው። ጆሮ ውስጥ የሚገቡ ዘንጎች ጭንቅላቱን ይይዙታል፤ ጨረሩ የሚነሳበትም ርቀት አይለወጥም። ከዚያ በኋላ አንድን ልጅ በየዓመቱ እያነሱ የፊቱን አጥንት እድገት መከታተል ተቻለ። በቦልተን ቤተሰብ ገንዘብ በተካሄደው የክሊቭላንድ ጥናት በሺዎች የሚቆጠሩ ጤነኛ ልጆች ተመዘገቡ። ዛሬ ጤነኛ ልጅን ለምርምር ብቻ ደጋግሞ ለጨረር ማጋለጥ ተቀባይነት የለውም። ስለ ፊት እድገት ከምናውቀው ብዙው ግን ከእነዚያ ልጆች የተገኘ ነው።

ራጁ መጀመሪያ ያሳፈረው ራሳቸው ሐኪሞቹን ነው። የሙያው አባት የሚባለው ኤድዋርድ አንግል (በ1930 ሞተ) ጥርስ አይነቀልም፣ ሁሉም ቦታ ቦታቸውን ከያዙ አጥንቱ ተከትሎ ያድጋል ብሎ ያስተምር ነበር። የራሱ ተማሪ የነበረው አለን ብሮዲ ከባልደረቦቹ ጋር ከሕክምና በፊትና በኋላ የተነሱ ራጆችን አነጻጽሮ በ1938 ያወጣው ውጤት ሌላ ሆነ፤ ሽቦው ያመጣው ለውጥ በአብዛኛው ጥርሱን ከያዘው አጥንት አያልፍም። ደቀ መዝሙሩ መምህሩን በማስረጃ ሞገተ ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ለራጁ እናጨበጭባለን።

ቀጥሎ ያለው ግን ቆም ያደርገናል። የ1938ቱ ጥናት ተባባሪ የነበረው ዊልያም ዳውንስ በ1948 ከራጅ ላይ ማዕዘን እየለካ ፊትን የሚመዝንበት ዘዴ አወጣ። አማካዩን የወሰደው ጥርሳቸው አሳምሮ ከገጠመ 20 ነጭ አሜሪካውያን ልጆች ነው፤ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 17። ዳውንስ ከማን እንደወሰደ አልደበቀም። ችግሩ የቁጥሩ ጉዞ ነው። ቁጥር ከወረቀቱ ወጥቶ ወደ ክሊኒክ ሲገባ ባለቤቶቹን ይረሳል፤ «የ20 ልጆች አማካይ» የነበረው «ትክክለኛ ፊት» ይሆናል።

ብዙም ሳይቆይ፣ በ1951፣ ሦስት ተመራማሪዎች የዳውንስን መለኪያ በጥቁር አሜሪካውያን፣ በጃፓናውያንና በቻይናውያን ዝርያዎች ላይ ሞከሩት። የእነዚህም ጥርስ በደንብ የገጠመ ነበር፤ ቁጥሮቹ ግን ከዳውንስ ቁጥሮች ጋር አልገጠሙም። ለምሳሌ በብዙ ጥቁር ሰዎች ዘንድ የፊት ጥርስ ወደ ውጭ ዘንበል ማለቱ ጤናማ ነው። ያንን በሌላ ሕዝብ አማካይ የሚለካ ሐኪም ገጣጣ ሊለው፣ አልፎም ወደ ኋላ ለመመለስ ሲል ጤነኛ ጥርስ ሊነቅል ይችላል። የተነቀለ ጥርስ ደግሞ አይበቅልም።

ከዚያ ወዲህ ለብዙ ሕዝቦች የየራሳቸው አማካይ ተሠርቷል፤ ማዕዘኑንም ዛሬ ኮምፒውተር በቅጽበት ይለካዋል። ኮምፒውተሩ ግን ከማን ጋር እንዲያነጻጽር የሚነግረው ሰው ነው። ስለዚህ እናንተ ወይም ልጃችሁ ለሽቦ ስትዘጋጁ ሁለት ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ እንላለን። «ዶክተር፣ ይህ ራጅ የሕክምናውን እቅድ ምን ይለውጣል?» አንድ። «ውጤቱን የሚያስተያዩት ከየትኛው ሕዝብ አማካይ ጋር ነው?» ሁለት። ጥሩ ሐኪም በጥያቄው አይቆጣም፤ የሙያው ታሪክ ራሱ የተገነባው እንዲህ ብለው በጠየቁ ሰዎች ነው።