የሰው ወርቅ አያደምቅ

ኮሌጅ ሳለን አሳይመንት የምንሠራው እንዲህ ነበር። ኢንተርኔት ቤት እንገባለን፣ ያገኘነውን ኮፒ ፔስት እናደርጋለን፣ ስማችንን ከላይ ጽፈን አስጠርዘን እናስረክባለን። አንድ ቀን መምህራችን አንዱን አንቀጽ በጣቱ ነካ አድርጎ «ይህን ማን አለው?» ሲለን ዝም አልን። ጋዜጠኛ ልንሆን የምንማር ሰዎች የምንጫችንን ስም አናውቅም ነበር። እስከ ዛሬ ያሳፍረናል።

ነውሩን ግን የኛ ትውልድ አልጀመረውም። ስለ አገራችን ከተጻፉ ዝነኛ መጻሕፍት ውስጥም አለ። ሁለት ጸሐፊዎችን እናነጻጽር።

አንደኛው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ያደረገውን ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1790 በአምስት ቅጽ አሳተመ። ሰነፍ አልነበረም፤ የመጽሐፈ ሄኖክን ግልባጮች ወደ አውሮፓ የወሰደው እርሱ ነው። አብሮት ግን የቦሎኛው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ ነበር። ዕፀዋቱን የሳለው ባሉጋኒ፣ ምስጋናውን የወሰደው ብሩስ! ይባስ ብሎ በኖቬምበር 1770 ግሽ ዓባይ ድረስ አብሮት የዘለቀውን ሰው በመጽሐፉ ከጉዞው በፊት «ገደለው»። ባሉጋኒ የሞተው ግን ከጉዞው በኋላ፣ በ1771፣ ጎንደር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1618 እዚያው ምንጭ ላይ የቆመውን የጴድሮ ፓኤዝን ምስክርነትም ብሩስ አጣጣለው። የግሽ ሰዎች ምንጫቸውን ከሁለቱም በፊት ያውቁት እንደነበር ሳንረሳ ነው ታዲያ።

ሁለተኛው ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ውስጥ ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ጋር ተገናኘ። ግዕዝን የተማረው ከመጻሕፍት ነበርና ጮክ ብሎ ሲያነብ መነኮሳቱ፣ በተለይ የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ፣ ሳቁበት። ትርጉሙን ሲናገር ግን ተደነቁ። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ጎታ ወደሚገኘው የመስፍን ኤርነስት ግንብ ተጋብዘው ሄዱ፤ ሉዶልፍም አማርኛን፣ የአገሩን ታሪክና ልማድ ከርሳቸው ተማረ።

አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ ሞቱ። ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ታሪክ ያሳተመው በ1681፣ ከ23 ዓመት በኋላ ነው። የባሕር ሙት አይከስም፤ አውሮፓ ውስጥም «ይህ የመነኩሴው ዕውቀት ነው» ብሎ የሚሞግተው ባልኖረ ነበር። እርሱ ግን ጎርጎርዮስ እንደነገረኝ እያለ ጻፈ። በ1691 ባወጣው ተከታይ መጽሐፍም ምስላቸውን አተመ። ዛሬ የአባ ጎርጎርዮስን ስምና መልክ የምናውቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ምንጭ መጥቀስ እንግዲህ ማርክ ላለማስቀነስ ብቻ የሚደረግ አይደለም። ቃሉን እንዳለ ከወሰድን በትእምርተ ጥቅስ እናስገባው፤ ሐሳቡን በራሳችን አማርኛ ብንጽፈውም የባለቤቱን ስም እንጥራ። ቃላት መቀያየር ባለቤትነትን አያዛውርም። አንባቢም ተሳስተን እንደሆነ ሄዶ የሚያጣራበትን መንገድ ያገኛል።

ዛሬ ኢንተርኔት ቤት መሄድ እንኳ አያስፈልግም፤ ስልካችን ራሱ ይጽፍልናል። የመምህራችን ጥያቄ ግን አላረጀም። ይህን ማን አለው? ስሙን ካልጻፍን እኛም በብዕራችን አንድ ባሉጋኒ «ገደልን» ማለት ነው።