መልስ በጨው

ትናንት ሀይሌ ጋርመንት ከታክሲ ወርጄ ጨው ልገዛ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ዝርዝር አጣና በመልሴ ፈንታ ማስቲካ ሰጠኝ። ሳቄ መጣ። በቅድመ አያቶቼ ዘመን ቢሆን መልሱ ራሱ ጨው ነበር። ጠገራ ብር የሚዘረዘረው በአሞሌ ነበራ!

ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ (በፈረንጆቹ) አገራችን መጥቶ ጨው እንደ ገንዘብ ሲገበያዩበት አይቶ ጽፏል። አፄ ምኒልክ በ1894 የራሳቸውን ብር ካስቀረጹ በኋላም አሞሌ ቶሎ ከገበያ አልወጣም።

አሞሌው የሚመጣው ከአፋር፣ ከአሳሌ ነበር፤ ከባህር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ካለ ምድር። ድሮ የቀይ ባህር ክንድ ነበር፤ ተቆርጦ ቀረና ውሃው ተነነ፣ ጨው ሆነ። በቀረው ሀይቅ ዋና የማይችል ሰው እንኳ ይንሳፈፋል። ጨዋማው ውሃ ከሰውነታችን ስለሚከብድ ልስጠም ብትሉም አያሰጥማችሁም። ቱሪስቱ በጀርባው ተንጋሎ ፎቶ ይነሳል።

በዚያው ሀሩር ጨዉን በመጥረቢያ እየጠረቡ ግመል የጫኑት ሰዎችስ? የአገር ገንዘብ ለዘመናት የቆረጡት እነሱ ናቸው። እኔ በተማርኩበት የታሪክ መጽሐፍ ግን የነገሥታቱን እንጂ የእነሱን ስም አላየሁም። ሀይቁ ያላሰጠመውን እኛ አሰጠምነው ማለት ነው።