ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያሉት ሁለት ወራት
የፕሮስቴት ሕመምተኛ ማገገምና የነሐሴ 1967 ዓ.ም. መግለጫ

ነሐሴ 22 ቀን 1967 ዓ.ም. የመንግሥቱ ሬዲዮ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዋዜማው በ83 ዓመት ዕድሜያቸው ማረፋቸውን ለሕዝብ አስታወቀ። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ከወረዱ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀናት ቀርተው ነበር። መግለጫው እንዳለው፣ በመኝታቸው ላይ ሞተው ያገኛቸው አገልጋያቸው ነው፤ የሞታቸውም ምክንያት ከሁለት ወር በፊት ከተደረገላቸው የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ጋር የተያያዘ ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚያ ዘመን ፖለቲካ ብዙ ተጽፏል። ይህች የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ግን ለታሪክ ጸሐፊዎች ብቻ የምትተው አይደለችም፤ የሙያችንም ጉዳይ ናት። ሞቱን ለማስረዳት በምስክርነት የተጠራው የሕክምና ዕውቀት ነውና። ስለዚህ ምስክሩን ራሱን መጠየቅ ይገባል። በ1967 ዓ.ም. ሕክምና ስለ ፕሮስቴት ሕመምተኛ ማገገም ምን ያውቅ ነበር? ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያሉት ሁለት ወራትስ በምን ሁኔታ የሚያልፉ ናቸው?

የቀድሞው ፍርሃት

እንደሚታወቀው ፕሮስቴት ከፊኛ አንገት በታች የሽንትን መውጫ ቧንቧ ከቦ የሚገኝ የወንድ ዕጢ ነው። በጎልማሳ ሰው ክብደቱ ከ20 ግራም ብዙም አይርቅም፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን በብዙ ወንዶች ዘንድ እየጨመረ ይሄዳል። ይህ ዕድገት ካንሰር አይደለም። ጉዳቱ የሚመጣው ቧንቧውን ከማጥበቡ ነው፤ ሽንት ይታገዳል፣ ፊኛ ይወጠራል፣ ከቆየም ኩላሊት ይደክማል።

እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ድረስ ለዚህ ሕመም የነበረው መላ ሽንትን በካቴተር ማውጣት ብቻ ነበር ለማለት ይቻላል። ይህንንም ሽማግሌው በገዛ እጁ በየቀኑ ያደርገው ስለ ነበር፣ ብዙዎች በተላላፊ ሕዋሳት ተመርዘው ይሞቱ ነበር። ዕጢውን በሆድ በኩል ከፍቶ የማውጣት ሙከራ በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ በማክጊል፣ በኒውዮርክም በፉለር ተጀመረ። ሥራውን በዓለም ዘንድ ያሳወቀው ግን በለንደን የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ሐኪም የነበረው ፒተር ፍሬየር ነው። እርሱም በታኅሣሥ 1900 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ሕመምተኛውን ቀደደ፤ በተከታዩ ዓመት ውጤቱን አሳተመ፤ ከዚያም በኋላ ከ1,000 በላይ ሰዎችን በዚሁ ዘዴ አከመ።

የፍሬየር ሕመምተኛ ከጠረጴዛው ሲነሣ ግን ፈተናው ገና መጀመሩ ነበር። ዕጢው የወጣበት ሥፍራ ሳይሰፋ ይቀራል፤ በሆድ ቁስል በኩል ሰፊ የጎማ ቱቦ ይገባል፤ ፊኛው በየጊዜው ይታጠባል። ቁስሉ እስኪጠግ ድረስ ሽንት በሆድ ላይ ስለሚፈስስ፣ ሕመምተኛው ለሳምንታት በረጠበ ፋሻ ተጠቅልሎ ይተኛል። ኩላሊቱ የደከመ እንደ ሆነ ቀዶ ሕክምናው ለሁለት ይከፈል ነበር፤ ይኸውም በመጀመሪያ ሽንቱ እንዲወርድ ቱቦ ይገባለታል፤ ከቀናት ወይም ከሳምንታት ዕረፍት በኋላ ዕጢው ይወጣል። የፕሮስቴት ኦፕራሲዮን በሕዝብ ዘንድ ስመ ክፉ ሆኖ የቀረው ከዚያ ዘመን ጀምሮ ነው።

ፍርሃቱ እንዴት እንደ ቀለለ

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሃምሳ ዓመታት የሞቱ ቁጥር የቀነሰው በቢላዋው መሻሻል ብቻ አልነበረም። ዋናው ለውጥ የታየው ሕመምተኛው በሚያገግምበት አልጋ ዙሪያ ነው።

ዛሬ በየመኝታ ክፍሉ የምንጠቀምበት ፊኛው ውስጥ የሚነፋ ካቴተር የተወለደው በዚሁ ሕመም ምክንያት ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ፍሬደሪክ ፎሊ እ.ኤ.አ. በ1937 ስለዚህ መሣሪያ ሲጽፍ፣ የታሰበለት አገልግሎት ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚደማውን ሥፍራ ተጭኖ ደሙን ማቆምና ሽንቱን ያለማቋረጥ ማውረድ ነበር። በዚያው ዓመት በቺካጎ ኩክ ካውንቲ ሆስፒታል የደም ባንክ ተቋቋመ። ሰልፋና ፔኒሲሊን ተከትለው መጡ። በ1945 እ.ኤ.አ. ቴሬንስ ሚሊን የተባለው የአየርላንድ ተወላጅ፣ ፊኛውን ሳይከፍት ከኀፍረት አጥንት ኋላ ገብቶ ዕጢውን የሚያወጣበትን ዘዴ አሳወቀ። በዚህ ዘዴ የደሙን ሥሮች በዓይን እያዩ መቋጠር ተቻለ።

ከ1930ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ሆድ ሳይቀደድ በሽንት ቧንቧ መሣሪያ አስገብቶ ዕጢውን በኤሌክትሪክ እየላጡ ማውጣት ተስፋፋ። ይህም የራሱን አደጋ ይዞ መጣ። ሥፍራውን ለማጠብ የሚፈስሰው ንጹሕ ውሃ በተከፈቱት የደም ሥሮች ገብቶ ቀይ የደም ሕዋሳትን እንደሚያፈርስ በ1947 እ.ኤ.አ. የሚኒሶታው ክሪቪ አስረዳ፤ ከዚያ ወዲህ ውሃው ግላይሲን በመሳሰሉ ፈሳሾች ተተካ። በዚሁ አሥር ዓመት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሕመምተኛውን ለሳምንታት አስተኝቶ ማቆየት ደም በእግር እንዲረጋ ከማድረግ በቀር ጥቅም እንደሌለው ታወቀ፤ ሽማግሌውም በማግሥቱ ተደግፎ እንዲራመድ ሆነ።

የማገገሚያው ቀናት ተራ

በመሆኑም በ1967 ዓ.ም. አካባቢ የማገገሚያው ሥርዓት በሚገባ የታወቀ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የሚፈራው የደም መፍሰስ ነው፤ ስለዚህ ፊኛው ሳያቋርጥ ይታጠባል፤ ነርሷም የሚወጣውን ፈሳሽ መልክና መጠን ትመዘግባለች። የረጋ ደም ካቴተሩን ቢደፍነው ፊኛ ይወጠራል፤ መወጠሩም ደሙን ያብሰዋል። ሽንቱ ሲጠራ፣ በቧንቧ በኩል ለታከመው በጥቂት ቀናት፣ ሆዱ ለተከፈተው ከሳምንት በኋላ ካቴተሩ ይወጣል። ማቃጠል፣ ቶሎ ቶሎ መሽናትና ሽንትን መቋጠር አለመቻል ለሳምንታት ሊቆዩ ይችላሉ። የዘር ፈሳሽ ወደ ፊኛ መመለሱም የተለመደ ነው፤ ለጤና አይጎዳም።

በሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ቁስሉ የሸፈነውን ቅርፊት ሲጥል እንደ ገና ደም ሊታይ ይችላል። ሕመምተኛው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር እንዳያነሣና በሆድ ድርቀት እንዳያምጥ፣ ውሃም አዘውትሮ እንዲጠጣ የሚመከረው ስለዚህ ነው። ሁለት ወር ሲሞላ ግን አብዛኛው ሕመምተኛ የአደጋውን ዘመን ተሻግሯል።

የውጭ አገር ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ማክሚላን በጥቅምት 10 ቀን 1963 እ.ኤ.አ. በ69 ዓመታቸው ለዚሁ ሕመም ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ሥራዬን እቀጥልበታለሁ የሚል ተስፋ አልነበራቸውምና ከስምንት ቀን በኋላ በሆስፒታል አልጋ ላይ ሳሉ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ዕጢው ካንሰር አልነበረም፤ እርሳቸውም ከዚያ በኋላ 23 ዓመት ኖረው በ92 ዓመታቸው ዐረፉ። በተከታዩ ሚያዝያ ጄኔራል ደጎል በ73 ዓመታቸው በፓሪስ ኮሻን ሆስፒታል በዚሁ ሕመም ታከሙ። እርሳቸው ግን አልለቀቁም፤ በታኅሣሥ 1965 እ.ኤ.አ. እንደ ገና ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በነሐሴ 1966 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባን ሲጎበኙ የተቀበሏቸው፣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የዚሁ ቀዶ ሕክምና ስም በሞታቸው ላይ የሚጠራባቸው ንጉሠ ነገሥት ነበሩ።

መግለጫው ሲመዘን

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የ83 ዓመት ሽማግሌ ከቀዶ ሕክምና ሁለት ወር በኋላ ሊሞት አይችልም የሚል ሐኪም የለም። በእግር የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል፤ ልብ ሊደክም ይችላል፤ የቆየ የኩላሊት ቁስለት ሊያገረሽ ይችላል። ስለዚህ የቀኖቹ ቁጥር ብቻውን መግለጫውን ሐሰት ነው አያሰኝም። እውነት ነው ለማሰኘትም እንዲሁ አይበቃም። ሕክምና እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚወስነው በሦስት ነገር ነው፤ ባከመው ሐኪም ቃል፣ በሕመምተኛው መዝገብ፣ በአስከሬን ምርመራ።

የሐኪሙ ቃል ይታወቃል። በኤድንብራ ሕክምናን የተማሩትና ለአገራችን የቀዶ ሕክምና ትምህርት መሠረት ከጣሉት አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር ዐሥራት ወልደየስ የንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም ነበሩ። እርሳቸውም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የተከሠተ መወሳሰብ እንዳልነበረ ተናግረው የመንግሥቱን መግለጫ ሳይቀበሉ ቀርተዋል። አስከሬኑ ደግሞ የት እንደ ተቀበረ ከሕዝብ ተሰውሮ ቆየ። ዐፅሙ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በየካቲት 1984 ዓ.ም. ነው። ከአሥራ ስድስት ዓመት በላይ በመሬት ውስጥ የቆየ ዐፅም ስለ ፊኛም ሆነ ስለ ፕሮስቴት ለመርማሪ የሚነግረው የለም። ጊዜው ሲያልፍ የጠፋው ማስረጃ ይህ ነው።

በደርግ ባለ ሥልጣኖች ላይ የቀረበው ክስ የንጉሠ ነገሥቱን ግድያ ከዝርዝሩ ውስጥ አካትቶ፣ የሞቱት ታንቀው እንደ ሆነ አመለከተ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በሌሉበት፣ ከሌሎች ባለ ሥልጣኖች ጋር፣ በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ናቸው አለ። ዐፅሙም ከዚያ ቀደም ብሎ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ዐርፏል።

ለሙያ ባልደረቦቻችን የሚቀረው ነገር ሁለት ነው። የመጀመሪያው በሕመምተኞቻችን ላይ የወደቀው ጥላ ነው። ንጉሥ እንኳ በፕሮስቴት ኦፕራሲዮን ሞተ ሲባል የሰማ አባት፣ ሽንቱ እየታገደበት ሕክምናውን ቢሸሽ አይፈረድበትም። ዛሬ ሥፍራውን በጨው ውሃ እያጠቡ መላጥ፣ ዕጢውንም በሌዘር ማውጣት ስለ ተቻለ፣ እነዚህ ባሉበት ሥፍራ ብዙ ሕመምተኛ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህንን ለአባቶች በሚገባቸው ቋንቋ፣ አፍረው ሳይጠይቁን በፊት፣ መንገር ይገባናል።

ሁለተኛው መዝገቡ ነው። ካቴተሩ መቼ እንደ ወጣ፣ ሽንቱ መቼ እንደ ጠራ፣ ትኩሳቱ ስንት እንደ ነበረ፣ ሕመምተኛው በምን ሁኔታ እንደ ተሰናበተ በቀኑና በፊርማ የተጻፈበት ወረቀት ለሌሊት ተረኛ ብቻ የሚጠቅም ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን አንድ ሰው በሕመሙ ሞተ ተብሎ በተነገረ ጊዜ፣ በሕይወት ያለው ሐኪም ቃሉን ሲሰጥ የሚደግፈው እርሱ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ታላቁንም ታናሹንም ሕመምተኛ ሳይለይ፣ ሳይጎድል ይጻፍ፤ ተጠብቆም ይቀመጥ።