የገበሬው ጓሮና ሁለቱ የዘመን አቆጣጠሮች በጃፓን ገጠር

በጃፓን በሜጂ ዘመነ መንግሥት በ5ኛው ዓመት፣ በ11ኛው ወር በ9ኛው ቀን አንድ ዐዋጅ ወጣ። ቀኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 9 ቀን 1872 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው። ዐዋጁ ከ1,000 ዓመት በላይ ሲሠራበት የኖረው የጨረቃና የፀሐይ አቆጣጠር ቀርቶ፣ የ12ኛው ወር 3ኛ ቀን ጃንዋሪ 1 ቀን 1873 ሆኖ እንዲቆጠር የሚያዝ ነበር። ለሕዝቡ የተሰጠው የመዘጋጃ ጊዜ 23 ቀን ብቻ ሲሆን፣ 12ኛው ወር ራሱ በ2 ቀን አለቀ። ቤት የሚጠረግበት፣ የዓመት በዓል ሩዝ የሚወቀጥበትና ብድር የሚከፈልበት የዓመቱ መጨረሻ እንዲህ ባለ ሁኔታ ከሕዝቡ እጅ ተነጠቀ። የመጪውን ዓመት መቁጠሪያ አስቀድመው አትመው የነበሩ ሰዎችም ከባድ ኪሳራ ደረሰባቸው።

የለውጡ ምክንያት ሥልጣኔ ነው ተብሎ ተነገረ። በዚያ ጊዜ የመንግሥቱን ገንዘብ ከሚመሩት ባለ ሥልጣኖች አንዱ የነበረው ኦኩማ ሺገኖቡ ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ሌላውን ምክንያት ገልጾታል። በአሮጌው አቆጣጠር መጪው ዓመት 13 ወር ያለው ነበርና፣ የባለ ሥልጣኖቹን የ13ኛውን ወር ደመወዝ መንግሥት መክፈል አይችልም ነበር። የ2 ቀኑ ወር ደመወዝም በዚያው ቀረ። ጃፓንን እንደ አብነት ይመለከቱ የነበሩት የኢትዮጵያ ምሁራን፣ በተለይም በ1931 ወደዚያች አገር የተላኩትና በኋላ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ያሳተሙት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፣ የሜጂን መሻሻል ያዩት ከመንግሥቱ በኩል ነው። ይህም ለተላኩበት ጉዳይ የተገባ ነበር። ነገር ግን አንድ ዐዋጅ ከገበሬ ቤት ሲደርስ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ወደ ጓሮው መዝለቅ ያስፈልጋል።

አሮጌው አቆጣጠር ወሩን በጨረቃ፣ የእርሻውን ጊዜ ግን በፀሐይ የሚለካ ነበር። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ከአበቅቴ እንደሚረዳው፣ የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያንሳል። ጃፓኖች ይህን ጉድለት የሚሞሉት በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ጭማሪ ወር በማስገባት ነበር። ስለዚህ የወሩ ቀን ብቻ ለዘሪ አይበቃም፤ አንዱ ዓመት ከሌላው ጋር ሲነጻጸር እስከ አንድ ወር ድረስ ሊዛነፍ ይችላልና። ከቻይና የመጣው ሌላ አከፋፈል ይህን ያቃና ነበር። በዚህም ዓመቱ በፀሐይ ጉዞ ለ24 ክፍል፣ እያንዳንዱም ክፍል እንደገና ለሦስት ተከፍሎ፣ በጠቅላላው 72 የአምስት አምስት ቀን ዘመኖች ይገኛሉ። የየዘመኑም ስም ከተፈጥሮ የተወሰደ ነው፤ በረዶ መቅለጡ፣ የወፍ መምጣት፣ የአበባ መፈንዳት ይጠራበታል።

ዛሬ ብዙ ሰዎች እነዚህን 72 ዘመኖች ከጃፓን መሬት በቀጥታ የበቀለ ጥንታዊ ጥበብ አድርገው ይናገሩላቸዋል። ታሪኩ ግን ከዚህ ይለያል። በ862 ከቻይና ተወስዶ ሥራ ላይ የዋለው አቆጣጠር ሳይታረም ከ800 ዓመት በላይ በመቆየቱ ከሰማዩ ጋር አልስማማ ብሎ ነበር። ይህን ያረመውና ከ1685 ጀምሮ የሚሠራበትን አዲስ አቆጣጠር ያወጣው ሺቡካዋ ሹንካይ የሚባል የከዋክብት ሊቅ ነው። ለቻይና ምድር የተስማሙትን ስሞችም ለጃፓን አየር በሚስማሙ ለወጣቸው። በአሁኑ ጊዜ የሚጠቀሰው ዝርዝር ደግሞ በ1874፣ ማለት ከዐዋጁ በኋላ፣ የታተመው ነው። ዕውቀቱ የተሠራ፣ የታረመና የታተመ ነው እንጂ ከአፈር ብቻ የተገኘ አይደለም። ወደ ገበሬውም ቤት የደረሰው በአብዛኛው በወረቀት ነበር፤ የኢሴ መቅደስ መልእክተኞች በየዓመቱ እየዞሩ መቁጠሪያውን ለምእመናኑ ያድሉ ነበርና።

ከመቁጠሪያው ጎን የእርሻ መጽሐፍም ነበር። ሚያዛኪ ያሱሳዳ የሚባል ሰው በፉኩኦካ ገዢ ሥር የነበረውን የወታደርነት አገልግሎት ትቶ ገጠር ገባና ለብዙ ዓመታት አረሰ፤ የምዕራብ ጃፓንን አውራጃዎችም እየዞረ ሽማግሌ ገበሬዎችን ጠየቀ። «ኖግዮ ዘንሾ» የተባለው መጽሐፉ በ1697 ታተመ፤ ደራሲውም በዚያው ዓመት ሞተ። የመጽሐፉ መሠረት የቻይናዊው የሹ ጓንግቺ የእርሻ መጽሐፍ ነው። ይሁን እንጂ ሚያዛኪ በገዛ እጁ ያልሞከረውን ለማስተማር አልወደደም። መጽሐፉም ከእህል ቀጥሎ ለጓሮ አትክልት ሰፊ ቦታ ሰጥቷል።

ማንበብ የማይችለው ገበሬ ደግሞ ተራራውን ያነብ ነበር። በናጋኖ አውራጃ በጸደይ በረዶው ሲቀልጥ ከተራራው ላይ የሚገለጠው ጥቁር ዐለት ፈረስ ይመስላል። ይህ ፈረስ ሲታይ የሩዙን ማሳ በውሃ ማላቆጫው ጊዜ ደረሰ ይባል ነበር፤ ሺሮኡማ የተባለው ተራራ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። በአቅራቢያው ባለው በጂይጋታኬ ተራራ ላይ የሚታየው ደግሞ ዘር የሚዘራ ሽማግሌ ነው። በረዶው በዘገየበት ዓመት ሽማግሌው ይዘገያል፤ ገበሬውም አብሮት ይዘገያል። እንዲህ ያለውን የዓመት ልዩነት የታተመ መቁጠሪያ አያውቀውም።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። የጃፓን ገበሬ ቤት ከሩዙ ማሳ የተለየ የራሱ ክልል አለው። በቶናሚ ሜዳ እንደሚታየው ቤቱ በሱጊ ዛፎች ተከብቦ ከነፋስና ከበረዶ ይጠበቃል፤ የሚረግፈው ቅጠልና ቅርንጫፍም ለምድጃ ይሆናል። ከቤቱ አጠገብ ባለው ጓሮ የሚዘራው ለቤተ ሰቡ ማዕድ ነው። በቶኩጋዋ ዘመን የቤቱ ቦታ ጭምር በሩዝ ተገምቶ ይገበርበት ስለ ነበር፣ ጓሮው ከግብር ነፃ ነበር ለማለት አይቻልም። ቢሆንም ግምቱ በሩዝ ይሁን እንጂ፣ ከጓሮው የሚለቀመው ጎመንና ሥራሥር ወደ ሹሙ ጎተራ አይሄድም፤ በባለቤቲቱ እጅ ይቀራል። ማዳበሪያውም ከቤቱና ከአጠገቡ ካለው ደን ይገኝ ነበር። የመጸዳጃ ቤቱ ፍግ ከ1950ዎቹ በፊት በየገጠሩ የታወቀ ሀብት ሲሆን፣ በኤዶ ከተማ ዙሪያ ያሉት ገበሬዎች ከከተማው ሰው በዋጋ ይገዙት ነበር።

የጓሮው ዓመት የሚጀምረው በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ ከሚውለው የጸደይ መግቢያ ነው። ከዚህ ቀን ተነሥቶ ሲቆጠር 88ኛው ሌሊት በሜይ 2 አካባቢ ይውላል። ከዚህ በኋላ ውርጭ አይጥልም ተብሎ ስለሚታመን ውርጭ የሚፈራው ዘር በዚያን ጊዜ ይወርዳል፤ የሻይ ቅጠልም ይለቀማል። በጁን ዝናቡ ሲከብድ ኡሜ የሚባለው፣ ኮክ የሚመስል ጎምዛዛ ፍሬ ይወርዳል፤ የዝናቡም ወቅት ስያሜው በጽሕፈት «የኡሜ ዝናም» ነው። ሴቶች ፍሬውን በብዙ ጨው ይዘፈዝፉታል። ሙቀቱ በሚበረታበት በጁላይ መጨረሻ ላይ ደግሞ አውጥተው ለሦስት ቀን ያህል በፀሐይ ያደርቁታል። እዚህ ላይ ጊዜ ማሳለፍ የዓመቱን ማጣፈጫ ማበላሸት ነው።

ሴፕቴምበር 1 አካባቢ የሚውለው 210ኛው ቀን የዐውሎ ነፋስ ቀን ተብሎ ይፈራል፤ ሩዙ የሚያብበው በዚያ ሰሞን ነውና። ጓሮው ግን በዚሁ ሰሞን ዘር ይቀበላል። ዳይኮን የሚሉት ረዥም ነጭ ፍጅል ተዘርቶ በኖቬምበር ይነቀልና በቤቱ ጣሪያ ጠርዝ ሥር ተሰቅሎ ይጠወልጋል። ከዚያም በበርሜል ውስጥ ከሩዝ ገለባ ዱቄትና ከጨው ጋር ተነጥፎ ድንጋይ ይጫንበታል፤ ክረምቱን ሁሉ የሚበላው ይህ ነው። ያን ጊዜ የሚኮመጥጠውም የካኪ ፍሬ ተልጦ በገመድ ይሰቀላል፤ ከዛፉ ጫፍ ላይ ግን አንድ ሁለት ፍሬ ሳይለቀም ይተዋል። በአንዳንድ ቦታ ለወፎች ነው ይላሉ፤ በሌላው ቦታ ዛፉ በሚቀጥለው ዓመት እንዲያፈራ ነው ይላሉ።

በምሥራቅ ጃፓን በአሮጌው አቆጣጠር በ10ኛው ወር በ10ኛው ሌሊት የሚደረግ አንድ ልማድ ነበር። ልጆች የገለባ ዱላ ይዘው መሬቱን እየደበደቡ ፍልፈል ያባርራሉ። ያ ቀን የዳይኮን የዓመት መለወጫ ነው ስለሚባል ወደ ዳይኮኑ መደብ መግባት ክልክል ነው፤ ዳይኮኑ ሲያድግ የሚያሰማውን ድምፅ የሰማ ይሞታል ይባል ነበርና። አትክልቱ የራሱ ዓመት በዓል አለው ማለት ነው፤ በዓሉም የሚቆጠረው በጨረቃ ነበር።

የ1873ቱ ለውጥ ያስከተለው ችግር በዚህ ይታወቃል። 88ኛው ሌሊትና 210ኛው ቀን በፀሐይ የተቆጠሩ በመሆናቸው ምንም አልጎደለባቸውም፤ እንዲያውም በአዲሱ አቆጣጠር ቀናቸው ሊረጋ ችሏል። ፉኩዛዋ ዩኪቺ ለውጡን ለማስረዳት በ1873 ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ የፀሐይን አቆጣጠር ሲያመሰግን፣ በዚህ በኩል ስሕተት አልነበረበትም። የተናጋው በዓሉ ነው። የሙታን መታሰቢያ የሆነው ኦቦን በ7ኛው ወር በ15ኛው ቀን ይከበር ነበር። ያንኑ ቀን በአዲሱ አቆጣጠር ጁላይ 15 ቢያደርጉት ከማሳው አረም ጋር ይጋጫል፤ ለማዕዱ የሚያስፈልገውም የጓሮ ፍሬ ገና አልበሰለም። የኮክ አበባ በዓል አበባ በሌለበት ዋለ። የከዋክብትም በዓል ሰማዩ በዝናብ ደመና በተሸፈነበት ጊዜ ላይ ወደቀ። መንግሥት ደግሞ በዚያው በጃንዋሪ 1873 አምስቱን የወቅት በዓላት ሽሮ የንጉሠ ነገሥቱን በዓላት ተካ። በጁላይም ግብሩ ከሩዝ ወደ ገንዘብ ተለወጠና የመሬቱ ዋጋ 3 በመቶ ሆነ። ገበሬው በአንድ ዓመት ውስጥ ቀኑም ግብሩም ተለወጠበት።

ገበሬው ቤት ይህን ዐዋጅ አልተቀበለውም፣ አልተቃወመውምም፤ ከፋፈለው። ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ሲልክና ግብሩን ሲከፍል በአዲሱ ይቆጥራል። ሲዘራ በፀሐይ ክፍሎች ይቆጥራል። ለበዓሉ ግን በብዙ አውራጃዎች አንድ ሦስተኛ መንገድ ተገኘ፤ ይኸውም የአሮጌውን ቀን ቁጥር ሳይለውጡ በአዲሱ አቆጣጠር አንድ ወር ማዘግየት ነው። ኦቦን ኦገስት 15 ላይ፣ የዳይኮኑም ሌሊት ኖቬምበር 10 ላይ ዋለ። ይህ ዘዴ ከጨረቃ ጋር አይገጥምም፣ ከመንግሥቱም ጋር አይገጥምም፤ የሚገጥመው ጓሮው ካፈራው ጋር ነው። የአሮጌው አቆጣጠር ቀኖች በመንግሥት መቁጠሪያ ላይ እስከ 1909 በጎን ሲታተሙ ቆይተው ከ1910 ጀምሮ ቀሩ፤ በቤት ውስጥ ግን አልቀሩም። አሜሪካዊው የባህል ተመራማሪ ጆን ኤምብሪ ከሚስቱ ከኤላ ጋር በ1935 እና በ1936 በኩማሞቶ አውራጃ በሱዬ መንደር ተቀምጦ ያጠናው መጽሐፍ በ1939 ታትሟል። ዐዋጁ 60 ዓመት ካለፈው በኋላም ትምህርት ቤቱ በአንዱ፣ የመንደሩ በዓል በሌላው አቆጣጠር ሲሄዱ አግኝቷቸዋል። ያናጊታ ኩኒዮን የመሰሉ የአገሩ ሊቃውንት የዓመቱን ልማዶች በየመንደሩ መመዝገብ ያስፈለጋቸውም ከዚሁ የተነሣ ነው፤ የመንደሩ ቀን ከየትኛውም የታተመ መቁጠሪያ ሊገኝ አይችልም ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተለወጠው ሩዙ ነው። ከ1946 እስከ 1950 በተደረገው የመሬት ይዞታ ማሻሻያ ጭሰኛው ባለ መሬት ሆነ። ችግኙን ሸፍኖ ከብርድ የሚጠብቅ መደብ፣ ቀጥሎም የመትከያ መኪና መጣ። የገበሬው ልጅ በፋብሪካ ሲቀጠር፣ በጁን ይተከል የነበረው ሩዝ በብዙ ቦታ ወደ ሜይ መጀመሪያ ተዛወረ፤ ሠራተኛው ፈቃድ የሚያገኘው በዚያ ሳምንት ነዋ። በ1960ዎቹ «የሦስት ቻን እርሻ» የሚል አባባል ተለመደ፤ ጂይቻን፣ ባቻንና ካቻን፣ ማለት ወንድ አያት፣ ሴት አያትና እናት ብቻ የሚያርሱት እርሻ ነው። ሩዙ በፋብሪካው ፈቃድ ቀን ሲተከል፣ ኡሜውና ዳይኮኑ በድሮ ጊዜያቸው ቆዩ፤ ይህንንም የያዙት ሴቶችና አሮጊቶች ናቸው።

ዛሬ የሚያሠጋው ዐዋጅ ሳይሆን የሰው መጥፋት ነው። በ2020 በተደረገው ቆጠራ ዋና ሥራቸው እርሻ የሆነ ሰዎች 1.36 ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ አማካይ ዕድሜያቸው 67.8 ዓመት ነበር። በ2023 በጃፓን ሰው የማይኖርባቸው ቤቶች፣ የከተማው ጭምር ተቆጥሮ፣ 9 ሚሊዮን ገደማ ደርሰዋል። 72ቱን ዘመኖች የሚዘረዝር መጽሐፍ በየመደብሩ ይሸጣል፤ በእነርሱ የሚዘራው ጓሮ ግን እየጠበበ ነው።

በኖቶ ልሳነ ምድር ሰሜን ጫፍ «አኤኖኮቶ» የሚባል የቤት ሥርዓት አለ፤ በ2009 በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። ቀድሞ በ11ኛው ወር በ5ኛው ቀን ይደረግ የነበረው ይህ ሥርዓት፣ በአንድ ወር ዘግይቶ ዲሴምበር 5 ላይ ይውላል። የቤቱ ጌታ የክብር ልብሱን ለብሶ ከማሳው የሩዙን አምላክ ይቀበላል፤ ወደ ቤት አግብቶ እሳት ያሞቀዋል፣ ገላውን ያስታጥበዋል፣ ማዕድም ያቀርብለታል። አምላኩ ዐይኑ ደካማ ነው ስለሚባል፣ ባለቤቱ የምግቡን ዐይነት አንድ በአንድ በቃል ይነግረዋል። በፌብሩዋሪ 9 ደግሞ ወደ ማሳው ይሸኘዋል። በጃንዋሪ 1 ቀን 2024 በኖቶ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር የወረደው ከባድ ዝናብ ብዙ ቤቶችንና ማሳዎችን አጥፍቷል። ለዚህ እንግዳ ምድጃ፣ መታጠቢያና ማሳ ያስፈልጉታል። ከማዕዱም የማይቀር አንድ ነገር አለ፤ ሥሩ ለሁለት የተከፈለ ዳይኮን ነው። እንዲህ ያለው ዳይኮን የሚገኘው ሥሩ በአፈር ውስጥ ድንጋይ ሲገጥመው ነው፤ ነጋዴ መርጦ ይጥለዋል፣ ከጓሮ በቀር የሚያቆየው የለም።